አስታማሚዋን ማን ያስታምማት?

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቤት ለቤት አስታማሚዎች ያሰሙት ንግግር



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ተሰብስበን ነው። ቡና ተፈልቶ አንዷ ስትናገር ሌላዋ ስትጽፍ፣ የተጻፈው ተነቦ «ይኼስ እንዲህ አልነበረም» ሲባል እየተሰረዘ ነው እዚህ የደረሰው። ከመካከላችን አንዷ ታንብበው እንጂ ቃሉ የሁላችንም ነው።

ሥራችንን ታውቁታላችሁ። ጠዋት የየቤታችንን ጣጣ ጨርሰን፣ ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝተን እንወጣለን። አንዳንዶቻችን እዚሁ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ አንዳንዶቻችን ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው የሐይቁ ዳር፣ ሌሎቻችን ወደ አምባሰል በሚያወጣው መንገድ ያሉ ቤቶችን እናንኳኳለን። በየቤቱ የምናገኛቸው ጧሪ ያጡ አረጋውያን፣ ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው፣ ስኳርና ደም ግፊት ያደከማቸው፣ ሕክምናው አብቅቶ ወደ ቤት የተመለሱ ሕሙማን ናቸው። ገላቸውን እናጥባለን፣ እናጎርሳለን፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እንሰጣለን፣ አንሶላቸውን እንቀይራለን። ቁጭ ብለንም እናጫውታቸዋለን።

ዛሬ የምንናገረው ስለ እነሱም ስለ ራሳችንም ነው። ስለ ራሳችን ለመናገር ብዙ አፍረን ነበር። «ሰው አልጋ ላይ ወድቆ እሷ ስለ ድካሟ ታወራለች» እንዳይባል እንሰጋለን። ነገር ግን አንድ የደረሰብን ጉዳይ አለ፤ እሱን ዝም ብለን ብናልፈው ጥፋታችን እጥፍ ይሆናል።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዲት እኅት ወገቧን ታመመች። ስሟን አንጠራም፤ ታሪኩ እንዲነገር ግን ፈቅዳልናለች። የምታስታምማቸው እግራቸው የማይሸከማቸውን አንዲት እናት ነበር። ጠዋት ከአልጋ ታነሣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታስቀምጣቸዋለች፣ አመሻሽ ላይ መልሳ ታስተኛቸዋለች። ይህን ሁሉ ብቻዋን ነው። ሕመሙ ሲጀምራት ዝም አለች። ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አሥራ ሥራዋን ቀጠለች። በየሳምንቱ ስንገናኝ «እንዴት ነሽ?» እንላታለን፤ «ደኅና፣ አልሐምዱሊላህ» ትለናለች። እኛም አምነን እናልፋለን።

የነገሩን እኒያ እናት ናቸው። አንድ ቀን ልንጠይቃቸው ብንሄድ እጃችንን ይዘው፣ «ልጆቼ፣ ይቺ ልጅ እኔን ስታነሣኝ ታቃስታለች። እኔን አቆማለሁ ስትል እሷ ልትወድቅብኝ ነው። ከእንግዲህ ከአልጋ አልወርድም ብያታለሁ» አሉን። እንግዲህ አስቡት። አልጋ ላይ ያሉት እናት የሚያስታምማቸውን ልጅ ለማዳን ሲሉ ፀሐይ መሞቁን ትተው ነበር። እኛ በእግራችን የምንሄደው፣ በየሳምንቱ የምናያት፣ ምንም አላስተዋልንም።

እኅታችን ዘንድ ሄደን «ምነው ሳትነግሪን?» ብንላት፣ «እንዴት ነሽ ትሉኛላችሁ እንጂ ማን ቁጭ ብሎ ጠየቀኝ?» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመካከላችን ስንነጋገርበት የቆየነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ታማሚውን እኛ እናስታምማለን፣ አስታማሚዋን ማን ያስታምማት?

እኅቶቻችን፣ እኛ ወግ የሌለን ሰዎች አይደለንም። ሴት ስትወልድ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። አራስ ናት፤ ውኃ አትቀዳም፣ እንጨት አትሸከምም። ገንፎ ይገነፋላታል፣ አጥሚት ይፈላላታል፣ ልብሷን ሌላ ሰው ያጥብላታል። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ቀኗን እስክትጨርስ ትታረሳለች፤ «ሰነፈች» የሚላት የለም። ሰው ሲሞትም እንዲሁ ነው። ቅሬው ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሐዘንተኛው ምድጃ እንዳይነካ ምግቡ ከየቤቱ ይመጣል። ወሎ በዚህ አይታማም። ልቅሶ ቤት ስንሄድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውና መስጊድ የሚሄደው አብሮ ነው የሚቀመጠው።

በመውለድና በመሞት መካከል ላለው ረጅም ሕመም ግን እንዲህ ያለ ወግ አልሠራንም። ሰው የታመመ ሰሞን ጠያቂው ቤቱን ይሞላዋል። ወር ሲያልፍ ይሳሳል። ዓመት ሲሞላ አስታማሚዋ ከታማሚው ጋር ብቻዋን ትቀራለች። ታማሚው ሲያርፍ ቅሬው ይመለሳል፤ ተቀምጦ ዘመዶቹን ያጽናናል። ያስታመምነው እኛ ከሆንን ግን የሥጋ ዘመድ አይደለንምና «ነፍስ ይማር» ብለን፣ ወይም ዱዓ አድርገን፣ በማግስቱ ሌላ በር እናንኳኳለን። ዓመት ሙሉ ያጎረስነውን ሰው ቀብረን እንባችን ሳይደርቅ ሌላ ሰው ማጉረስ እንጀምራለን።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም አልተጀመረም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ኤድስ አገራችንን ሲያንገላታ የሆስፒታል አልጋ አልበቃ ብሎ ብዙ ታማሚ የተኛው በቤቱ ነበር። በአዲስ አበባ እንደ ነርሷ ሲስተር ጥበበ ማኮ ያሉ ሰዎች የሰፈር ሴቶችን እያሠለጠኑ ከዕድሮች ጋር የቤት ለቤት እንክብካቤን አስፋፉ። ለመቅበር ብቻ ተቋቁመው የነበሩ ዕድሮችም ሰው በሕይወት ሳለ መርዳት እንደሚገባ አምነው ደንባቸውን አሻሻሉ። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ብዙዎች ከአልጋቸው ተነሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እስከዚያ ድረስ ግን በየቤቱ የነበሩት ሴቶች ሲያስታምሙና ሲቀብሩ ነው የከረሙት። ዛሬ ያ ዘመን ሲወሳ መድኃኒቱ ይነሣል፣ ሐኪሞቹ ይነሣሉ። የእነዚያ ሴቶች ድካም ግን ብዙም አይነሣም።

ከእኛ ቀድመው ይህን ያስተዋሉ አሉ። በውጭ አገር ሲስሊ ሳውንደርስ የምትባል፣ መጀመሪያ ነርስ ኋላም ሐኪም የሆነች ሴት፣ በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ላይ የማይድን ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚያርፉበት ቤት ከፈተች። እሷ ያስተማረችው ሕመም የሥጋ ብቻ አለመሆኑን ነው። ብቸኝነቱ፣ የልጆች ጉዳይ፣ የገንዘብ ጭንቀቱ፣ የነፍስ ጥያቄው፣ ሁሉም አብሮ ያማል። በእኛ አገር ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የመሠረቷት ሆስፒስ ኢትዮጵያ በዚሁ መንገድ ታማሚውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ሕመሙን ያስታግሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ስለ ማስታገሻ ሕክምና ሲናገር ታማሚውንና ቤተሰቡን አንድ ላይ ነው የሚያነሣው። አስታማሚ የሌላ ነገር ጥገኛ ሳትሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ናት ማለት ነው።

ሩቅ ሳንሄድም እዚሁ ቤታችን የምንማርበት አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ወረዳችን ተሁለደሬ አንዷ ነበረች። ያን ጊዜ «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ብዙ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ገብቶናል፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ የታመመው ይታከማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ! መድኑ የካርድና የመድኃኒቱን ወጪ ያቃልላል። ሌሊት ከአልጋው አጠገብ የምትቀመጠውን ሴት ድካም ግን የሚከፋፈል መዝገብ እስካሁን የለም። እኛ የምንጠይቀው እሱን ነው፤ ድካሟም እንደ ሎሚው ለሃምሳ ይከፈል።

አሁን እኅታችን ከታመመች ወዲህ የጀመርናቸውን ነገሮች እንንገራችሁ። ትልልቅ ነገሮች አይደሉም።

የመጀመሪያው የምናስታምማቸውን ሰዎች ይመለከታል። ድሮ «ጥሩ አስታማሚ» የምንለው ሁሉን ነገር የምትሠራዋን ነበር። ታማሚው እጁን ሳይዘረጋ ታጎርሰዋለች፣ ፊቱን ታጥበዋለች፣ ልብሱን ታለብሰዋለች። ቸርነት መስሎን ነው። እንዲህ ስናደርግ ግን የቀረችውን ጥቂት አቅም ከእጁ እንቀማው ነበር። አሁን ግራ ጎናቸው ለማይታዘዝላቸው እናት ውኃውን በቀኝ እጃቸው በኩል እናቀርባለን፤ ፊታቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ። አንዲት እናት ቡና ካፈሉ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው ነግረውን ነበር። ምድጃውን ወደ አልጋቸው አስጠግተን ቡናውን በአንድ እጃቸው ቆሉ፤ ጢሱን ወደ እኛ እያራገቡ «ተዉ፣ አሁን ገና የቤቴ እመቤት ሆንኩ» አሉን። መድኃኒት ያላመጣውን ሳቅ ያን ቀን አየነው።

ራስን መጠበቅም ከእነሱ ጋር የምንሠራው ነገር ሆኗል። መገላበጥ የሚችሉትን በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን እንዲቀይሩ እናስታውሳለን፤ የማይችሉትን እኛ እናገላብጣለን። ተረከዝ፣ ዳሌና የጀርባ መጨረሻ ላይ መቅላት ከታየ የአልጋ ቁስል እየመጣ ነው፤ ሳይቆስል በፊት ነው መከላከሉ። ስኳር ያለባቸው በየቀኑ እግራቸውን እንዲያዩ፣ ዐይናቸው ከደከመ ልጅ እንዲያይላቸው እንነግራለን። የደም ግፊት መድኃኒት «ተሽሎኛል» ተብሎ እንደማይተው ደጋግመን እናስረዳለን። በጾም ወራት መድኃኒት የሚያቋርጡ አሉ፤ ለእነሱ የንስሐ አባታቸውን ወይም ሼኩን ይዘን እንሄዳለን። ሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው እኛ ስንነግራቸው ካልተቀበሉን ከእነሱ አፍ ሲሰሙት ይቀበላሉ።

ሁለተኛው ማንሣትን ይመለከታል። ከእንግዲህ ከአልጋ የማይነሣን ሰው ማንም ብቻዋን አታነሣም። ሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ ሁለተኛ ሰው ከጠፋ ጎረቤት እንጠራለን። ከታማሚው ሥር አንሶላ ወይም ጋቢ እናነጥፍና ግራና ቀኝ ይዘን እንስባለን እንጂ በብብቱ ገብተን አንሸከምም። ጉልበታችንን አጥፈን፣ ወገባችንን ሳናጎብጥ፣ ሰውየውን ወደ ደረታችን አስጠግተን እናነሣለን። ይህን ያስተማረችን ከመካከላችን ዐረብ አገር አረጋዊት ስታስታምም ኖራ የተመለሰች እኅት ናት። እንደ እሷ ያሉ ብዙ የደቡብ ወሎ ልጆች በየሰው አገር የሰው እናት አስታመው፣ ዕረፍት ሳያውቁ ኖረው ተመልሰዋል። ሙያቸው በእጃቸው አለ፤ ድካማቸውም በሰውነታቸው አለ። ሙያቸውን ስንጠይቃቸው ድካማቸውንም አብረን እንጠይቅ።

ሦስተኛው ተራ ነው። በገዳም ለአረጋዊው መነኩሴ የሚረዳው ረድእ ይመደብለታል ይባላል፤ አገልግሎት ሥርዓት አለው። በእርሻም ወንፈል አለን፤ ዛሬ ለአንቺ፣ ነገ ለእኔ። ማስታመምንም በወንፈል አድርገነዋል። እያንዳንዳችን በሳምንት አንድ ቀን የማንንም በር አናንኳኳም፤ በዚያ ቀን ተተኪዋ ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ ታማሚዎቹ «የኔዋ ልጅ ትምጣልኝ» ብለው አስቸግረውን ነበር። ስለዚህ ተተኪዋን አስቀድመን እናለማምዳለን፤ ቡና አብረን ጠጥተን፣ የሰውየውን አመል ነግረናት ነው የምንተካት። ዕረፍት የወጣችውም ያን ቀን ልብስ ስታጥብ እንዳትውል እንመካከራለን። ልማድ ነውና አሁንም ስታጥብ የምትውል አለች። ቀስ በቀስ ይለመዳል።

ይህ በቤታቸው እናታቸውን ወይም ባላቸውን ለሚያስታምሙ ሴቶችም ይሠራል። ትምህርቷን አቋርጣ አያቷን የምታስታምም ልጅ በየሰፈራችን አለች። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ እኛ ብንቀመጥላት ደብተሯን ትይዛለች።

አራተኛው ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ቡና እናፈላለን። አቦሉ ላይ የሥራ ነገር አናወራም። ቶናው ላይ ሁሉም በየተራዋ ትናገራለች፤ ምን ከበደሽ? እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ምንሽን ያምሻል? «ደኅና ነኝ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። በረካው ላይ እንመራረቃለን። አንድ ደንብ አለን፤ በየቤቱ ያየነውን የሰው ገመና ስም ጠርተን አናወራም፣ እዚያ የተወራውም ከዚያ አይወጣም። ሰው ገላውን ለእኛ የሚሰጠው ምስጢሩንም አምኖ ነው።

በዚህ ስብሰባ ስንት ነገር ሰማን መሰላችሁ! በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችን ሲደርስ ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ መራመድ የማይችል ታማሚ ትታ መሄድ አቅቷት የቀረች እኅት በመካከላችን አለች። ያን ሰሞን በጨለማ በር ዘግታ ታማሚዋን እንዴት ታጎርስ እንደነበር ከዚያ ወዲህ ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር። ቶናው ላይ ተናገረችው። መልስ የሰጣት የለም፤ ሁላችንም አለቀስን፣ ሲኒዋ ተሞላላት። ማታ ቤቷ ገብታ ጥሩ እንቅልፍ እንደተኛች በማግስቱ ነገረችን።

አምስተኛው ሐዘን ነው። የምናስታምመው ሰው ሲያርፍ ያስታመመችው እኅት ለአንድ ሳምንት ሌላ ቤት አትመደብም። በልቅሶው ከዘመዶቹ ጋር ትቀመጣለች፤ እኛም እሷን «አይዞሽ፣ ያጽናሽ» ለማለት ቤቷ እንሄዳለን። ለቅሬው ሰብሳቢዎች ይህን ስናስረዳ መጀመሪያ ገርሟቸው ነበር። ኋላ ግን አንድ ሽማግሌ «ልክ ነው፣ ያጠበች እጅ ናት» ብለው አስቀመጧት። ከዚህ ቀን ጀምሮ ሌሎቹም እየለመዱት ነው።

አሁን ደጋፊዎቻችንን አንድ ነገር በግልጽ እንጠይቅ። እስካሁን የሰጣችሁን ሳሙና፣ ጓንት፣ አንሶላና የባጃጅ ሒሳብ በየቤቱ ደርሷል፤ አላህ ይስጥልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ሪፖርት ስንጽፍላችሁ የምንጽፈው ስንት ቤት እንዳንኳኳን ነው። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ሲጨምር ደስ ይላችኋል፣ እኛም ደስ ይለናል። ያቺ እኅታችን ወገቧን አሥራ የሠራችባቸው ቀኖችም በዚያ ሪፖርት ውስጥ እንደ ጥሩ ቁጥር ገብተው ነበር። ይህን ስናስብ አፈርን። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የጻፍነው እኛ ነን።

ስለዚህ ከዚህ ዓመት ጀምሮ በሪፖርታችን ላይ አንድ መስመር እንጨምራለን፤ አስታማሚዎቹ ስንት ቀን አረፉ የሚል። የምንጎበኛቸው ቤቶች ቁጥር በዚህ ምክንያት ትንሽ ቢቀንስ አትዘኑብን። የተተኪዎች የቀን አበልና መጓጓዣ ገንዘብ ይፈልጋል፤ እሱን ከሳሙናው እኩል ቁጠሩልን። ለራሳችን ጤና ምርመራ በዓመት አንድ ቀን ጤና ጣቢያ እንድንሄድም ያ ቀን እንደ ሥራ ቀን ይቆጠርልን። አስታማሚዋ ጤና ስትሆን ታማሚው ከእሷ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ይረዝማል።

አባላቶቻችንን ደግሞ የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። በየሰፈራችሁ ታማሚ ስትጠይቁ አስታማሚዋንም ጠይቁ። ለታማሚው ብርቱካን ስትይዙ ለእሷ ደግሞ «እኔ ልቀመጥ፣ አንቺ ወጣ በዪ» የሚል ቃል ይዛችሁ ግቡ። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ገላዋን ትታጠባለች፣ ሐይቁ ዳር ወጥታ ነፋስ ትቀበላለች፣ ትተኛለች። ምን ታድርግበት ብላችሁ አትጠይቋት።

ያቺ እኅታችን ወገቧ እየተሻላት ነው፤ አሁን ቀለል ያሉ ቤቶችን ይዛለች። ወደ እኒያ እናት የምንሄደው ሁለት ሆነን ነው። ፀሐይ መሞቃቸውን ቀጥለዋል። በሄድን ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁን «ልጄ ወገቧ እንዴት ሆነ?» ብለው ነው። እንግዲህ አስታማሚዋን መጀመሪያ ያስታመሟት እሳቸው ናቸው፤ እኛም ከእሳቸው ተማርን።

የደከማችሁ እረፉ፣ የታመማችሁ ዳኑ፣ ያዘናችሁ ተጽናኑ። ያስታመመች እጅ አስታማሚ አትጣ። አሜን በሉ።